በእጅ ሁለት ዙር

ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ጄኔሬተር ቤት ሥራ የጀመርኩት ባሕር ኃይል እንደገና ሊቋቋም ነው በተባለበት ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ጽዳት ነበርኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ በቀድሞው ባሕር ኃይል የመርከብ ሞተር መካኒክ፣ ማዕረጋቸው ፔቲ ኦፊሰር።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን ላስነሳ ስል አማተብኩ። "እሱ ጥሩ ነው" አሉኝ። "አሁን ደግሞ ቁልፉን አንሺ።" ማስነሻውን ሞተሪኖ ከመንካቴ በፊት ሞተሩን በረጅሙ የብሎን ቁልፍ በእጄ ሁለት ዙር እንዳዞር አዘዙኝ። ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ካለ በእጅ ሲዞር ይቆማል፤ በሞተሪኖ ከሆነ ግን ፒስተኑን የሚገፋውን ዘንግ፣ ቢየላውን ያጣምመዋል። በየቀኑ አዞርኩ። ዘበኞቹ "ዛሬስ ስንት ኪሎ ፈጨሽ?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቀን ሜዳሊያዎቻቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። በብስኩት ቆርቆሮ አመጧቸው። አንዱ ለረጅም አገልግሎት፣ አንዱ ለቁስል፣ ሦስተኛው በተኩስ መሐል ሞተር ጠግነው መርከቧን ወደብ ስላስገቡ። ከሥር የታጠፈ ደብዳቤ ነበር። አለቃቸው ቶሎ በል ብሎ ሲጮህባቸው ሳያዞሩ አስነስተው፣ ቢየላው ተሰብሮ፣ መርከቧ ባሕር ላይ ቆማ ነበር። በዚያ ጥፋት ከማዕረጋቸው ዝቅ የተደረጉበት ደብዳቤ ነው። ለምን ከሜዳሊያው ጋር እንደሚያስቀምጡት ጠየቅኳቸው።

"ሁሉም የአንድ ሰው አገልግሎት ነዋ" አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ታመው ቤት ዋሉ፤ ብቻዬን ቀረሁ። ዝናብ ሲጥል ባደረ ማግስት፣ ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ከቱሊ ጉሌድ የመጣች ወላድ ኦፕራሲዮን ላይ ነበረች። ነርሷ ሐዋ ሮጣ መጣች። እሷ ሁዮ ነው የምትለኝ፤ በሶማልኛ እናቴ ማለት ነው።

"ሁዮ፣ ደሙ አልቆመም። በስልክ መብራት ነው የሚሠሩት።"

ሁልጊዜ አንቱ የሚለኝ ሥራ አስኪያጅ ከኋላዋ ደረሰ። "ምን ትጠብቂያለሽ? አስነሺው" አለኝ።

ቁልፉን ያዝኩ። ግማሽ ዙር ላይ ቆመ። ቀና ብል የጭስ ማውጫው፣ የማርሚታው ክዳን የለም፤ ነፋስ ወስዶት ዝናቡ በዚያ ገብቷል። በዋዜማው ሳልፈትሸው የሄድኩት እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሊያስነሳው እጁን ሲሰድ የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ። አሁን ከተነሳ እንደሚሰበር፣ ከተሰበረ ጭራሽ መብራት እንደማይኖር ነገርኩት። የሰደበኝን አልጽፍም።

ውኃው መውጫ እንዲያገኝ ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ፈታሁ። ሦስተኛው እምቢ አለኝ፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አላቀቅኩት። በእጄ ሳዞር ውኃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ሐዋ ተመልሳ መጥታ ደሙን በእግር በሚረገጠው መምጠጫ እየሳቡ መሆናቸውን ነገረችኝ። ኢንጀክተሮቹንና የባትሪውን ገመድ መልሼ ገጠምኩ። ሁለት ዙር አዞርኩ። አስነሳሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ። የክዳኑ ጥፋት የእኔ መሆኑን መዝገብ ላይ ጻፍኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ።

ጋሼ ተፈራ ሲያርፉ ሜዳሊያዎቹን ልጆቻቸው ወሰዱ። ደብዳቤውን ለምኛቸው ሰጡኝ። ዛሬ ከእኔ ማስጠንቀቂያ ጎን ጄኔሬተር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ መጀመሪያ ሁለቱን ያነባል።

እናንተም አዲሶቹ፣ ማታ ስትወጡ ክዳኑን እዩ። ከማስነሳታችሁ በፊት በእጅ ሁለት ዙር አዙሩ፤ ማንም ቢጮህባችሁ።