ሰባተኛው ነጥብ ሰጪ

በሕይወቴ ብዙ ደብዳቤ አልጻፍሁም። ዳዊት ደግሜ ከቄስ ትምህርት ቤት ወደ እርሻየ የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝሁት ለጎረቤት አቤቱታ ወይም ለክርስትና ጥሪ ነው። ከጻፍኋቸው ውስጥ ግን አንዱ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ባልጻፍሁት ኖሮ ያልሁበት ቀን ይበዛል።

ዘመኑ የስድሳዎቹ መግቢያ ነው፤ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከቡሬ የሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ላይ ነው። አባቴ ሽማግሌ ነበሩ። በዕድሜ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ድንበሩ የተገፋበት፣ ሚስቱ ኮብልላ የሄደችበት፣ ደም የተቃባ ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ቀስ ብለው፣ ሁለቱም ወገን እስኪደክመው እየጠበቁ ያስታርቃሉ። በዚያ አካባቢ ያለ እሳቸው አማላጅ ሆኖ የሚነሣ ሰው አልነበረም።

ከቤታችን ትምህርት የዘለቀው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነው። ቡሬ ተማረ፣ ደብረ ማርቆስ ተማረ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ወርዶ ዩኒቨርሲቲ ገባና ስለ አፈር አጠና። በማዕረግ ተመረቀና ፍኖተ ሰላም መምህር ሆኖ ተመደበ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ይመጣል።

የእኛ መሬት ቀይ ነው። ዝናብ አያንሰውም፣ ድንጋይም የለበትም፤ ምርቱ ግን ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። አባቴ "ደከመው" ይሉታል። ወንድሜ ደግሞ ለድካሙ ምክንያት አለው፣ መድኃኒቱም ይገኛል ይል ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪ ሊማር የፈለገው ይህንኑ ነው።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ አውድማ ላይ ነበርን። በሬዎቹን አሳርፈን ከጭዱ ጥግ ስንቀመጥ ወንድሜ ከኪሱ ፎርም አወጣ። ዩኒቨርሲቲው ለአፈር ትምህርት በዓመት አንድ ሰው ወደ ውጭ ይልካል፣ ወጭውንም ይችላል አለን። አባቴ አንዱ እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቁት። እሱም ልክ ለተማሪዎቹ እንደሚያስረዳ አድርጎ አስረዳን። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲው ማርክ ይታያል፤ ያልበቃው እዚያው ይቀራል። ካስተማሩት ሦስት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይመጣል፤ አመልካቹ ራሱ እንዳያየው ታሽጎ ነው የሚመጣ። አመልካቹ ምን ሊማር እንደፈለገና ለምን እንደፈለገ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከዚያ ተጠርቶ በቃል ይጠየቃል። በመጨረሻ ሰባት ሰዎች ይቀመጡና እያንዳንዱ ለየብቻው ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም። ነጥቡ ተደምሮ ይካፈላል። የበለጠው ይሄዳል፣ ቀጥሎ ያለው ተጠባባቂ ይባላል።

አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው የያዙት ሰባቱን ሰዎች ነው። ከሰባቱ የሚያውቅህ የለም ወይ አሉት። ወንድሜም አንደኛው የቡሬ ሰው መሆናቸውን፣ እሱንም ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ ከሰባቱ ቀዩን አፈር በእጃቸው ያፈሱ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ነገራቸው።

"የእማሆይ ልጅ ነዋ!" አሉ አባቴ። እማሆይ ቡሬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። "እንግዲያውስ ሰው እንልካለን።"

ወንድሜ ሳቀ። "አባየ፣ ይሄ እኮ ጋብቻ አይደለም። የሚሰጠው በችሎታ ነው፤ ሽማግሌ አይገባበትም።"

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ በሬዎቹ ተመለሱ። ወንድሜ ነገሩ ያለቀ መስሎት ማግስቱን ወደ ሥራው ሄደ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ጠሩኝና፣ ልጅ ስለ ራሱ ላኩልኝ አይልም፤ ሙሽራ ሂዱና ሚስት ለምኑልኝ ብሎ ያውቃል? አያምርበትም፤ ለእሱ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው አሉኝ። እውነት ለመናገር እኔም ልክ መሰለኝ። የወንድሜን ሳቅ እፍረት አድርጌ ነው ያየሁት።

ለሽሮ የሚሆን አተርና ጧፍ ይዘን፣ አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች እኔም ተከትየ፣ እማሆይ ቤት ሄድን። አባቴ ከደጅ ቆመው፣ ግቡ ሲባሉ እንቢ ብለው፣ ጉዳያችንን ሳትሰሙ አንቀመጥም ብለው፣ በወጉ ነገሩን አቀረቡ። እማሆይ ደግ ሴት ናቸው። ልጄ እንቢ አይለኝም፣ ግን የሚጽፍልኝ የለም አሉ። ሁሉም ዞረው ወደ እኔ አዩ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሳቸው እንዳሉት ጻፍሁ። "በጠባኸው ጡት ይዤሃለሁ። ይህን ልጅ እንደ ወንድምህ እየው። እንቢ ብትለኝ የወለድሁህ አይደለህም" ነው ያሉት። ከራሴ የጨመርሁት የወንድሜን ስም ነው፤ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ እንዳይሳሳቱ ብየ ጎላ አድርጌ ጻፍሁት። ጽሕፈቴ ያማረ ነበርና ሽማግሌዎቹ አመሰገኑኝ። አዲስ አበባ ለሚወርድ ነጋዴ ሰጠነው። ለወንድሜ አልነገርነውም።

መጋቢት ላይ ወንድሜ ለቃል ጥያቄው ተጠርቶ አዲስ አበባ ወረደ። ሲመለስ ደስታውም ቅሬታውም ፊቱ ላይ ነበረ። ደኅና መልሻለሁ፣ ግን የጠየቁኝ ስድስት ናቸው፣ የቡሬው መምህር አልነበሩም፣ ምናልባት ታመው ይሆናል አለ። ስለ ቀዩ አፈር ሲያስረዳ አንደኛው ቡሬ በየት በኩል ነው ብለው ጠይቀውታል። አባቴ ግን፣ ሰውየው ቢኖሩም ባይኖሩም ቃላቸው እዚያ አለ ብለው ተጽናኑ።

ሰኔ ላይ ወረቀት መጣ። ወንድሜ ተጠባባቂ ሆኗል። የመጀመሪያው በጥቂት ነጥብ በልጦታል። ክረምቱን ሙሉ ያ የመጀመሪያው ሰው ቢታመም፣ ሐሳቡን ቢለውጥ እያልን ጠበቅን፤ ይህን መመኘታችን ኃጢአት መሆኑን እያወቅን ጠበቅን። በመስከረም ሰውየው መሄዱን ሰማን።

በጥቅምት ለገበያ ቡሬ ወጥቼ እማሆይ አስጠሩኝ። የልጃቸው ደብዳቤ ደርሷል፣ የሚያነብ አጥተው ቆይቷል። እደጃቸው ተቀምጨ ጮክ ብየ ማንበብ ጀመርሁ። ጤናቸውን ጠይቋል፣ ለነጠላ መግዣ የሚሆን ልኳል። ከዚያ በታች ያለውን ግን በዓይኔ ብቻ አነበብሁት። እንዲህ ይላል፦

"ስለ ልጁ የጻፉልኝን ለስብሰባው አሳይቻለሁ። ደንቡ የሚያስገድደኝ ስለሆነ በእሱ ጉዳይ ከክፍሉ ወጣሁ፣ ነጥብም ሳልሰጥ ቀረሁ። ለእሱ የምሰጠውን ከፍ ያለ ነጥብ የእርስዎ ደብዳቤ ሳይደርሰኝ በፊት በልቤ ይዤው ነበር። ከሌሎቹ ማናቸውም ያን ያህል አልሰጡትም። እናቴ፣ ሁለተኛ በዚህ ነገር አይያዙኝ።"

ይህን ለእማሆይ አላነበብሁላቸውም። ሰላምታውን ደግሜ አንብቤ ጨረስሁ። መልሱን እኔ እጽፍልዎታለሁ ብየ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ዳዊቴ መካከል አስገብቼ አስቀመጥሁት።

ያ ዓመት ከባድ ነበረ። ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣና የጻፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዘርግቶ ይቀመጣል። የጣለኝ ይሄ አንቀጽ ነው ይላል፤ ሰርዞ እንደገና ይጽፈዋል። በሳምንቱ ደግሞ አይ፣ የጣለኝ ሌላው ነው ይላል። የቃል ጥያቄው ላይ አንድ ቃል ደጋግሜ ነበር፣ ሳቁብኝ መሰለኝ ይለኛል። ሰውነቱ ቀለለ። አባቴ ደግሞ እሱ በሌለበት፣ በሰርግም በተዝካርም፣ ሰው ባንልክለት ኖሮ ሁለተኛስ ከየት ይመጣ ነበር ይላሉ። ሰዎቹም እውነት ነው ይሏቸዋል። እኔ በሁለቱ መካከል ነበርሁ፣ ዝም አልሁ። ነገ እነግረዋለሁ እያልሁ ነው ያመሸሁት። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ አለው።

ጥር ሲመለስ ፎርሙም ተመለሰ። ወንድሜ እንደገና ሞላ። አባቴ አምናውን ሦስት ሆነን ሁለተኛ ካወጣነው ዘንድሮ አምስት እንሁን አሉና ሽማግሌ መሰብሰብ ጀመሩ። ለሰኞ ተቀጣጠሩ። ያን ጊዜ፣ ዝም ካልሁ ሁለተኛ ሊወድቅ መሆኑ ገባኝ። ዓርብ ዕለት ደብዳቤውን ይዤ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ።

ወንድሜን ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አገኘሁት፤ እጁ ላይ ጠመኔ ነበረ። ያደረግነውን ሁሉ ነግሬ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ጽሑፌ ደኅና ነበራ" አለ ቀስ ብሎ።

ደኅና ነበር አልሁት።

"አያ፣ ዓመት ሙሉ እኮ ስሕተቴን ስፈልግ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ አይተኸኛል።"

ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝና፣ አባየን አስቀራቸው፣ ግን ይህን እንዳትነግራቸው፣ በዚህ ዕድሜያቸው አይችሉትም አለኝ።

ቅዳሜ ጧት አባቴን ለማስቀረት ዋሸሁ። እማሆይ ለጠበል ግሽ ዓባይ ሄደዋል አሉ አልኋቸው።

"እንግዲያው ግሽ ዓባይ እንሄዳለና" አሉ። "ለልጃችን እኮ ነው። እዚያው ተሳልመን እንመለሳለን።"

ለመንገድ የሚሆናቸውን ስንቅ ሊያዝዙ ተነሡ። ሌላ ምን ልበል? ዳዊቴን አወጣሁና ደብዳቤውን አነበብሁላቸው፤ የዘለልሁትንም ሳልዘል።

ከክፍሉ ወጣሁ የሚለውን ድገምልኝ አሉ። ደገምሁ። እናቱ ለምናው ወጣ? አሉ። አዎ አልሁ። ከዚያ፣ የአጎቴ ልጅ በድንበር የተከሰሰ ጊዜ እኔ ምን አደረግሁ? ብለው ጠየቁኝ። አስታውሳለሁ። ዘመዴ ነውና በዚህ አልፈርድም ብለው ከዳኞቹ መካከል ተነሥተው ለብቻቸው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ነገሩ እስኪያልቅ አልተመለሱም።

"እኔ ልመና መስሎኝ ነው" አሉ። "ለካ ችሎት ኖሯል። ይህን አውቅ ነበር እኮ። ከሰው ሁሉ ይህን የማውቅ እኔ ነበርሁ።"

ለሽማግሌዎቹ መንገዱ ቀርቷል በላቸው ብለው ላኩኝ። ለምን ሲሉኝ አልተናገርሁም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። በአገራችን አባት ለልጁ አይነሣም፤ ልጅ ነው ጎንበስ ብሎ ጉልበት የሚስም። አባቴ ግን ወንድሜ ደጃፉን ሲያልፍ ከመደቡ ተነሥተው ቆሙ። ነጠላቸውን ለእንግዳ እንደሚያደርጉ አስተካክለው ቆሙ። ወንድሜ ደነገጠ፤ ኧረ በእግዜር ይቀመጡ አባየ አላቸው። አንተ ቁጭ በል አሉት፣ እሱ እስኪቀመጥም አልተቀመጡም። ወንድሜ ዞሮ አየኝ። እንደነገርኋቸው አወቀ።

ሚያዝያ ላይ ከዩኒቨርሲቲው ትልቅ ፖስታ መጣለት። በዚህ ዓመት ለአፈር ትምህርት የተያዘ ቦታ የለም ይላል። ፎርሙንም፣ ጽሑፉንም፣ ሦስቱን የድጋፍ ደብዳቤዎችም ከነማኅተማቸው መልሰውለታል። ነጥብ የሰጠው የለም፤ ሰባቱም አልተቀመጡም። ወንድሜ የታሸጉትን ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ አገላብጦ አያቸው፤ ከፍቶ ግን አላነበበም። በዓመቱ ደግሞ ቦታው ሲከፈት ለአመልካች ከተቀመጠው የዕድሜ ገደብ አልፎ ነበር።

አባቴ መነሣታቸውን አልተዉም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ ሲገባ ይነሣሉ። ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው በበትር ይነሣሉ። ሰው ሲያይ ይገርመዋል፤ ትምህርቱን አክብረው ነው ይላል። ወንድሜ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ጀመር፤ ቆየና ለበዓል ብቻ ሆነ። ከዚያ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ዝውውር ጠየቀና ተፈቀደለት። አውቶቡስ ድረስ ሸኘሁት። ለምን እንደሄደ አልጠየቅሁትም፣ ራሱ ነው የነገረኝ።

"ሲነሡ ማየት አልቻልሁም፣ አያ" አለኝ።

ቤት ስመለስ አባቴ ከደጅ ተቀምጠው ነበር። ሄደ? አሉኝ። ሄደ አልኋቸው። ዝውውሩን ማን ለመነለት? አሉ።

"ማንም። ራሱ አመልክቶ ነው።"

"ሰው አልላከም?"

"አልላከም።"

"ደግ አደረገ" አሉ። ፀሐዩ እስኪበርድ እዚያው ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብየ ስለ እርሻው የማወራቸው ነገር ፈለግሁ።