ሬሐና የፈራችው ደም

ሬሐና ቡራዩ ውስጥ የታወቀች ጨርቅ ነጋዴ ናት። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ ያየችው ደም ነበር። ዘንድሮ እንደገና ለማርገዝ እየሞከረች፣ የወሩ እንቁላሏ ከወጣ ከሳምንት በኋላ ከባሏ ከአክመል ጋር ለአልትራሳውንድ ምርመራ ሄደች። ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ።

«ደም ይታየኛል» አሉ በመጨረሻ።

ሬሐና የባሏን እጅ ጨመቀች። «ገና ሳይያዝ ደግሞ ፈሰሰ?»

«የለም ልጄ፣ አልፈሰሰም። እንቁላሉ በወጣበት ቦታ አዲስ የደም ሥር በቅሏል። ጽንስ የሚያጸናው ሆርሞን የሚመነጨው ከዚያ ነው፤ ቦታው ደም ካልደረሰው ይደርቃል።»

«ታዲያ የአሁኑ ይጸናል?»

«መያዝ አለመያዙን ከሳምንት በኋላ እናውቃለን።»

ሬሐና ቀና ብላ ስክሪኑ ላይ የደሙን ፍሰት የሚያሳየውን ቀይ ቀለም ትኩር ብላ አየችው።

«ያ አላህ፣ አታድርቀው» አለች።