ሚኒስትሪ ካለፈ እታረቃለሁ

ሰው ሁሉ ምን ዓይነት ደግ ልብ ቢኖርሽ ነው ይለኛል። እኔ ደግ አይደለሁም። ወንድሜን የገደለው ልጅ እስር ቤት ሆኖ ትምህርቱን ይማር ያልኩት ከደግነት አይደለም፤ ዛሬ ተናግሬው ልገላገል።

ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ዓይናለም ሰፈር ሰው አድርሶ ሲመለስ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ አስቆመው፤ ተሳፍሮ ትንሽ እንደሄዱ ስልክህን አምጣ አለው። ወንድሜ ከልጅነቱ እልኸኛ ነው፤ እምቢ አለ። ጩቤው አንዴ ብቻ ነው የገባው። ገዳዩ ሳይመሽ ተያዘ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነበር።

አጎቴ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የምናየው ሰው፣ ለቅሶው ላይ ይሰቀል ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። አንዱን አደባባይ ላይ ቢያንጠለጥሉት ሌላው ጩቤውን ይጥላል ይል ነበር። ለቀስተኛው ልክ ነው ይላል። መጀመሪያ ላይ እኔም ልክ ነው ብያለሁ፣ ምን ልዋሽ!

ግን እኔ አስተማሪ ነኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አርጩሜ ከእጄ አይለይም ነበር፤ የገረፍኳቸው ልጆች የተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እኔ ሳላይ ማጥፋትን። እናም ሰልስቱ ላይ አጎቴን ፊት ለፊት ተናገርኩት። ሞት እኮ ሕጉ ላይ ድሮም ተጽፏል፤ ያ ልጅ ጩቤውን ሲመዝ አንቀጹን ማን አንብቦለት ነበር? ወንድሜ ከተቀበረ በኋላ ገመድ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው አልኩት። የወንድምሽ ደም ውሃ ነው ወይ ብሎኝ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ አላናገረኝም።

ፍርዱ ሊሰጥ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የልጁ እናት አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው በራችን ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላቸው ቆመዋል። የሟች ቤተሰብ ታርቄያለሁ ብሎ ከፈረመ ቅጣቱ ይቀልላል፣ ከፍርድ በኋላም ቢሆን ለይቅርታ ይረዳል፤ የመጡት ለዚያ ነው። እናትየው ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። ልጃቸው ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ ልመዝገብ ብሎ ሄደ፤ የስድስተኛ ክፍል ካርድህን አምጣ አሉት። ካርዱ ከቤታቸው ዕቃ ጋር ተቃጥሏል። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ አራተኛ አልሄደም። ይህን ሲሉ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ ምክንያቱን ኋላ እናገራለሁ።

ቄሱ ጓለይ፣ ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ማሪው አሉኝ።

«አልታረቅም» አልኩ። «ሞትም አልጠይቅም። የተፈረደበትን ይታሰር፤ ግን እዚያው ይማር። በየሴሚስተሩ ካርዱን ያምጡልኝ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ካለፈ ያን ጊዜ እታረቃለሁ።»

ቄሱ በፈተና የሚገኝ ዕርቅ በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። እናትየው ግን ድንጋዩን ከአንገታቸው አውርደው ይማራል አሉ።

የእኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው። እንዲወድቅ ነበር የፈለግኩት። ያን ያህል ዓመት እርሳስ ያልጨበጠ ልጅ ሚኒስትሪ እንደማያልፍ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሰው ደግ እያለኝ ዕርቁን ሰማይ ላይ ሰቀልኩባቸው።

ብዙ ዓመት ተፈረደበት። የእስር ቤቱ ትምህርት ቤት ካርድ ሳይጠይቅ፣ ፈትኖ ሰባተኛ ክፍል አስገባው። የሰባተኛ ክፍል የመጀመሪያው ካርድ ሲመጣ ሒሳብ ሠላሳ ስምንት ይላል፤ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የወላጅ ፊርማ በሚለው መስመር ላይ የእናቱ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ታትሟል። እናትየው ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከሰሜን ክፍለ ከተማ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ አነባለሁ። ይግቡ ብያቸው አላውቅም። ሁለተኛው ካርድ ላይ ሒሳቡ ሃምሳን ነካ። ሦስተኛው ላይ ልጁ ከክፍሉ ደረጃ ውስጥ ገባ፤ ያን ቀን እራት አልበላሁም።

አራተኛው ካርድ ከሚኒስትሪ ውጤቱ ጋር መጣ። አልፏል። አገላብጬ ስህተት ፈለግኩ፤ ማኅተሙን ሳይቀር መረመርኩ። የወላጅ ፊርማው ላይ የጣት አሻራ የለም። ትላልቅና የተንጋደዱ ፊደላት የእናትየውን ስም ጽፈዋል። ማን ፈረመልዎ አልኳቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «በጠያቂ ቀን በሽቦው መሃል እያሳየ አስተማረኝ።»

እሳት ለበስኩ። ወንድሜን የወጋ እጅ ነው እናቱን ፊደል የሚያስቆጥረው? የእኔ ወንድምስ ማንን ያስተምር? ካርዱን መልሼ በሩን ዘጋሁባቸውና ውስጥ ገብቼ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። በአራተኛው ቄሱ ቤት ሄጄ ሽማግሌዎቹን ይጥሩ አልኩ። ተማሪ የማለፊያውን ነጥብ ካመጣ በኋላ ነጥቡን ከፍ የሚያደርግ አስተማሪ ሌባ ነው፤ እኔ ሌባ አይደለሁም።

የዕርቁ ዕለት አጎቴም መጣ፤ በሩ አጠገብ ቆሞ አልቀመጥም አለ። ታርቄያለሁ አልኩ። ንዴቴ አልበረደም፣ ግን አልኩት። ከዚያ ያን እሑድ ዓይኔን መሬት ላይ የተከልኩበትን ምክንያት ለእናትየው ነገርኳቸው።

«ኣደይ፣ እናቴ፣ ልጅዎን ካርድ የለህም ብዬ የመለስኩት እኔ አይደለሁም፤ የእኔ ትምህርት ቤት ሌላ ነው። ግን ያን ሰሞን እኔም መዝገብ ይዤ ተቀምጬ ነበር። እኔ የመለስኳቸው ሌሎች ናቸው። የት እንዳሉ አላውቅም።»

አጎቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ዘንድሮ ምዝገባ ላይ ካርድ የሌላቸውን ሁሉ መዘገብኩ፤ ጥቂት አስነብቤ፣ ጥቂት አስደምሬ፣ በሚችሉት ክፍል። ርዕሰ መምህሩ መመሪያ ጥሰሻል የሚል ማስጠንቀቂያ እዚያው ጠረጴዛዬ ድረስ አመጣልኝ። ፈርሜ ተቀበልኩና ቀጣዩን ልጅ ጠራሁ።