ለለቅሶው ያልወጣው ጋቢ

በረሃቡ ዘመን መካነ ሰላም የሄድኩት ስለ አንድ ግድያ ልጽፍ ነበር። የእርዳታ እህል መጋዘን ዘበኛ ተገድሎ፣ እህሉም ተዘርፎ ነበር። ወሬው ወግዲና ከላላ ድረስ ተዳርሷል። ገዳዩን የሚያውቅ አልነበረም፤ የሟቹን እናት የማያማ ግን አላጋጠመኝም።

እናትየው በለቅሶው ላይ ደረታቸውን አልደቁም፤ ፊታቸውንም አልነጩም። የባሰው ደግሞ የልብሱ ነገር ነው። በአገሩ ወግ የሟች ልብስ ይወጣል፤ አስለቃሿ እሱን ይዛ ሙሾ ታወርዳለች። የዚህ ልጅ ጋቢ አልወጣም።

«ደም ነክቶት ነዋ!» አለ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የበቅሎ ነጋዴ። «የመጋዘኑን ቁልፍ ለሌቦቹ የሰጠቻቸው እሷ ናት። ወላሂ፣ የኔ አህያ እንኳ ውርንጭላዋ ሲሞት ቀኑን ሙሉ ስታናፋ ነው የዋለችው!»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። በሥራዬ የሚያነባ ገዳይም፣ ዓይኑ የደረቀ ንጹሕም አይቻለሁ። እንባ ምስክር ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የወንጀለኛው ስም እስኪወጣ ድረስም አይበተንም። የእናትየው ስም ቢወጣ ወህኒ ይወርዳሉ። በዚያ ረሃብ ወህኒ የወረደች አሮጊት ደግሞ በሕይወት አትመለስም።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ጠየቋቸው።

«እመት፣ የልጅዎ ጋቢ የት አለ?»

«እህቱ ላይ።»

«እህቱስ?»

«አፈር ውስጥ።»

የደብሩ ቄስ ከተቀመጡበት ተነሡ። «እውነታቸውን ነው። ልጅቱ በረሃብ ስትሞት መገነዣ ጠፋ፤ ወንድሟ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ገነዛት። ፍትሐት ያደረስኩላት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለወንድ ልጅዎ ለምን አላለቀሱም?» አሉ ሽማግሌው፣ አሁንም አልተዋጠላቸውም።

«ለእሷ ሳለቅስ ከመካከላችሁ ማን መጣ?» አሉ እናትየው።

ይቅርታ የሚል ሰው ጠበቅሁ። ስማቸው ባለመውጣቱ ትንሽ እፎይ ብዬ ነበር።

«እንግዲያውስ ሚስቱ ናት!» አለ የበቅሎ ነጋዴው ከኋላዬ። «አላያችኋትም እንዴ ለቅሶው ላይ? ከልክ በላይ ነው ያለቀሰችው።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ አንዱ። «እሱስ እውነት ነው» አለ ሌላውም።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ አዞሩ፤ «የሟቹ ሚስት፣ እስቲ ተነሺ» አሉ።