የግራ እጁ ጓንት

የልብስ ፋብሪካው ሠራተኞች የሰርቪሳቸውን ሾፌር «ጋሼ ዝግታ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ ዛሬ ግን ሲጠሩት የሚስቅ የለም፣ እሱም «አቤት» ይላል። በሩ ሳይዘጋ አውቶቡሱን አያንቀሳቅስም። በሩ ቢዘጋም የቆመው ሁሉ መያዣ ካልጨበጠ አይነሳም። ኩርባ ላይ ሲደርስ መሪውን የሚያዞረው ውሃ የሞላ ሳፋ ተሸክሞ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደሚዞር ሰው ነው። ከኋላው ያለ መኪና ክላክስ ሲያደርግበት እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ ወንድሜ፣ መንገዱ ሰፊ ነው» ይላል፤ መንገዱ ጠባብ ቢሆንም።

አውቶቡሱ አሮጌ ነው። መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳ የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች ስለሆነ ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ጉልበት ለጉልበት እየተነካኩ ነው የሚሄዱት። በቀኙ አግዳሚ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ የሾፌሩ ልጅ ትቀመጣለች፤ በፋብሪካው ጨርቅ ቆራጭ ናት። ፊት ለፊቷ ምላሷ ከመርፌዋ የማይተናነስ ቁልፍ ሰፊ አለች። ከሾፌሩ ራስ በላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል መስታወት ተሰቅሏል። ማን እንደተነሳ፣ ማን ሊወርድ እንደሆነ የሚያየው በእሱ ነው።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ራት አቅርባ ትጠብቀዋለች። በዚያ ቤት ራት ያለ ወሬ አይበላም፤ ወሬው ደግሞ ተከታታይ ድራማው ነው። ድራማው የሚተላለፈው ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚጓዝበት ሰዓት በመሆኑ የምታየው እሷ ብቻ ናት። ያየችውንም እንዲሁ አትናገረውም፤ ትጫወተዋለች። የድራማውን ታላቅ ወንድም ስትሆን ትከሻዋን ታሰፋለች፣ አማቲቱን ስትሆን አፍንጫዋን ትነፋለች። ባልየው ማንኪያውን አፉ አጠገብ አድርሶ ይረሳዋል። «ቆይ ቆይ፣ ይሄኛው የዚያኛው አጎት አይደለም እንዴ?» ይላል። «አንተ ደግሞ! ስንቴ ልንገርህ?» ትለውና ከሥሩ ትጀምርለታለች። ይህ በትዳራቸው ውስጥ ሳይለወጥ የቆየ ነገር ነው።

አውቶቡሱ ላይ የቴሌቪዥን ስክሪን የመጣው ሠራተኞቹ ጠይቀው ጠይቀው ነው። መንገዱ በየቀኑ ይዘጋጋል፣ ድራማው ያመልጣል፣ ሰው ይሰለቻል። የፋብሪካው የትራንስፖርት ኃላፊ ጠንቃቃ ወጣት ነበር። «እሺ፣ ይገጠም» አለ፤ «ግን ሾፌሩ ፊት አይሆንም። የእሱ ዓይን መንገድ ላይ ነው መሆን ያለበት።» ስለዚህ ስክሪኑ በአውቶቡሱ መጨረሻ፣ ከኋላው መስኮት በላይ፣ ፊቱን ወደ ሾፌሩ ጀርባ አድርጎ ተገጠመ። ተሳፋሪው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ያያል፤ ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይነዳል። ኃላፊው ረካ፣ የገጠመው ባለሙያ ረካ፣ ጋሼ ዝግታም «ጥሩ አስባችኋል» አለ። ያን ክንድ የሚያህል መስታወት ግን አንዳቸውም አላሰቡትም።

እሱ ራሱ ያወቀው መስታወቱን በጨርቅ የወለወለ ቀን ነው። እጁ ገፋ አድርጎት ኖሮ መስታወቱ ትንሽ ቀና ብሏል። አመሻሽ ላይ ቀይ መብራት ይዞት ዓይኑን ሲያነሳ አንድ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ መስታወቱ ጥግ ላይ፣ ስክሪኑ ውስጥ ቆሞ አየ። የድራማው ታላቅ ወንድም ነበር። ትከሻው ልክ ሚስቱ እንዳሳየችው ሆኖ ስላገኘው ደስ አለው። መስታወቱን አልመለሰውም።

መጀመሪያ ቀይ መብራት ላይ ብቻ ነበር የሚያየው። ከዚያ መንገድ ሲዘጋጋ ማየት ጀመረ። ከዚያ ደግሞ መኪናው ቀስ እያለ ሲሄድም። «ለአፍታ ነው፤ ደግሞስ ከእኔ ቀስ ብሎ የሚነዳ ማን አለ?» ይላል ለራሱ። ማታ ሚስቱ ስትነግረው እንዳልሰማ ሰው ይደነቃል፣ «አይደረግም!» እያለ ጭኑን ይመታል። ልጁ ስክሪኑ ላይ ሁሉንም ብታይም የእናቷን ወሬ ላለማበላሸት ዝም ትላለች። እናት ደግሞ፣ «ዘንድሮ እንዴት ያለ አድማጭ ሆነሃል!» ትለዋለች።

ድልድዩን አልፎ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ቀን ልክ እዚያ ሲደርሱ አውቶቡሱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ድራማው ላይ ታላቅ ወንድሙ በእሳት የተቃጠለ እጁን በጥቁር ጓንት ሸፍኖ ነበር የኖረው፤ ያን ምሽት በእናቱ ፊት ሊያወልቀው ጀመረ። ሾፌሩ ዓይኑን አነሳ። ታላቅ ወንድሙ የጓንቱን አንድ ጣት ሳብ አደረገ፣ ሌላውን ሳብ አደረገ። ሾፌሩ ዓይኑን ሲመልስ መንገዱ የለም፤ የፊት መስታወቱን ሞልቶ የቆመው የስፖንጅ ፍራሽ ክምር ብቻ ነው።

ፍሬኑ ላይ ቆመበት። የቆሙት በተቀመጡት ላይ ወደቁ፤ ቁልፍ ሰፊዋ ከአግዳሚዋ ተነስታ የሾፌሩ ልጅ ጭን ላይ አረፈች። ፍራሾቹን በጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ከጭነቱ ሥር አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ምንም አላየ፤ መንገዱን አቋርጦ ሄደ። በእሱና በአውቶቡሱ መካከል የነበረው አንድ ሰው ተጨናንቆ የሚያልፍበት ያህል ቦታ ነው።

«ጋሼ ዝግታ ባይሆን ኖሮ አልቀን ነበር!» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

«ሌላ ሾፌር ቢሆን ሰውዬውን ከነፍራሹ አንጥፎት ነበር» አለ ከኋላ አንዱ።

አጨበጨቡ። ጋሼ ዝግታ «ተቀመጡ፣ መያዣ ያዙ» አለና ማርሹን አስገባ።

ቤት ሲገቡ ልጅቷ ወሬውን በሩ ላይ ጀመረችው። «እማዬ፣ አባዬ ዛሬ ሁላችንንም አተረፈን!» እናት ሰምታ ስትጨርስ የባሏን ግንባር ሳመች፤ ከድስቱ ውስጥ ትልቁን ሥጋ መርጣ ሳህኑ ላይ አደረገችለት። እሱ ሥጋውን ወዲያ ወዲህ አገላበጠው።

«ይልቅ ድራማውን ንገሪን» አለ፣ ወሬው እንዲቀየር።

«አወለቀው!» አለች ሚስት ተነስታ። ቀኝ እጇን አነሳችና የሌለውን ጓንት ጣት በጣት መሳብ ጀመረች። ትከሻዋ ሰፋ። ባልየው ቀስ በቀስ ተረጋጋ፣ ማንኪያውን አነሳ፣ ረሳው።

«በግራ ነው እንጂ» አለ።

«ምኑ?»

«ጓንቱ። የተቃጠለው ግራ እጁ ነው።»

«ኧረ ቀኙ ነው! በየቀኑ የማየው እኔ፣ የምታውቀው አንተ?»

«ግራው ነው አልኩሽ።»

«ልጄ፣ እስቲ ፍረጂን።»

«ቀኙ ነው፣ አባዬ» አለች ልጅ እየሳቀች።

መንገድ ላይ ለሁሉ የሚለቀው ሰውዬ ቤቱ ውስጥ ሲከራከር ለማንም አይለቅም። «ሁለታችሁም ተሳስታችኋል! ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

ሚስት የሌለውን ጓንት መሳቧን አቆመች።

«የት ሆነህ?» አለች ሚስት።

እጇ እንደተነሳ ነው። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን የምታበጥርበት መስታወት አለ። ሚስት ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ያነሳችው ግራ እጇን ነበር። ሚስት የራሷን እጅ አየች፣ ባሏን አየች፣ እጇን አወረደች።

«ጓንቱን ሲያወልቅ ነው ፍራሹ የመጣው» አለች ልጅ ቀስ ብላ። መሳቋን ትታለች።

ሚስት አልጮኸችም። «ያ ፍራሽ የሚገፋው ሰውዬም ራት አቅርቦ የሚጠብቀው ይኖራል» አለች። «እኔ ደግሞ ልጄን በየቀኑ ስሸኝ፣ ዝግታ ነው የያዛት ብዬ ነበር የምቀመጠው።» ሳህኖቹን ሰበሰበች። «ድራማህን እንግዲህ እዚያው እይ። ከእኔ አፍ አንድ ቃል አትሰማም።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ዝግታ ኃላፊውን ጠርቶ የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ስክሪኑን ከፈተና «አሁን ቀና ብለህ እይ» አለው። ኃላፊው ቀና አለ።

«እንዴ! ጋሼ፣ እርስዎ... ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ይህን ሁሉ ጊዜ።»

ኃላፊው ዞሮ ስክሪኑን አየ። ከዚያ «ላስነቅለው?» አለ። «ሠራተኛው ግን በቁሜ ይበላኛል።»

«መስታወቱን ለእኔ ተውልኝ። ከሸፈንኩት በኋላም የሚታይ ከሆነ ግን ንቀለው፤ እኔንም ከወንበሩ አንሳኝ።»

ልጁን ጥቁር ጨርቅ ጠየቃት። «ስንት ይሁን?» ስትለው በእጁ አሳያት። «በእጅ አይሆንም፣ ልለካው» ብላ ሜትሯን ይዛ ወጣች። ከሚጣለው ቁራጭ ቆረጠች፣ አያስፈልግም እየተባለች ጠርዙን ቀመቀመችው፣ በላይኛው የመስታወቱ ግማሽ ላይ በማጣበቂያ አጥብቃ ለጠፈችው። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ አንገቱን ወዲያም ወዲህም አለ። የቀረው የሰዎቹ ራስ፣ ጉልበትና መያዣ የጨበጡ እጆቻቸው መታያ ነው። ስክሪኑ የለም።

ማታ ሠራተኞቹ ሲሳፈሩ ጨርቁን አዩ። ጋሼ ዝግታ ሞተሩን ሳያስነሳ ዞረ። «ትናንት ያጨበጨባችሁት በስህተት ነው» አለ። «ቀስ ብዬ መንዳቴ አልጠቀመም፤ ድራማውን በመስታወት እያየሁ ነበር። ዛሬ ጨርቁ አለ።»

ጉልበት ለጉልበት የተቀመጡት ሰዎች ተያዩ። አንድ ሁለቱ ከንፈራቸውን መጠጡ። በመጨረሻ ቁልፍ ሰፊዋ ተነስታ ጨርቁን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አለች። «ግን ጋሼ፣ ካየህ አይቀር አንድ ነገር ንገረኝ። እናቱ እጁን ስታይ ምን አለች? እኔ እኮ በዚያን ሰዓት የልጅህ ጭን ላይ ነበርኩ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ጋሼ ዝግታም ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ቤት ውስጥ ግን ራት ዝም ብሎ ይበላ ጀመር። ሚስት ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ታነሳለች፣ ስለ ጎረቤቷ አዲስ መጋረጃ ታነሳለች፤ ስለ ድራማው አንድም ቃል የለም። አንድ ማታ እናት ወደ ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ጎንበስ ብላ «ልንገርህ?» አለችው።

«ተይው» አላት። «ወሬው ባለቤት አለው።»

ሚስት ከጓዳ ሆና ሰማች። የሚቀጥለውን ለመስማት ድስቱን ድምፅ ሳታሰማ ከደነችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ምሽት፣ ራት ተጀምሮ፣ ጋሼ ዝግታ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ይቅርታሽን እየጠየቅሁ፣» አለ፤ «ዛሬ አደባባዩ ላይ ስንደርስ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሳቁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ጭጭ አሉ። ቁልቁለቱ ላይ ቁልፍ ሰፊዋ ስታለቅስ ሰማኋት። ማን ሞተ?»

ሚስት አየችው። «ጓንቱን ያደረገው በየትኛው እጁ ነው?»

«አንቺ ቀኝ ካልሽ ቀኝ ነው። እኔ ምን አውቄ።»

ልጅቷ ፈገግታዋን ለመደበቅ ውሃ ጠጣች። ሚስት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች፣ ተነሳች፣ ትከሻዋን አሰፋች።

«ማንም አልሞተም» አለች። «አደባባዩ ላይ የሳቁት አማቲቱ ስለወደቀች ነው። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ብዙ አምልጦሃል።»

ባልየው ማንኪያውን አነሳ፤ አፉ አጠገብ ሲደርስ ረሳው።