አምስት ብልቃጥ መድኃኒትና የላምባ ፍሪጃችን

ፍሪጃችሁ ድንገት ማቀዝቀዝ አቁሞባችሁ ያውቃል? በሩን ስትከፍቱ ያ የለመዳችሁት ቀዝቃዛ አየር ሳይነካችሁ ቀርቶ፣ በምትኩ የታፈነ የወተት ሽታ ተቀብሏችሁ ያውቃል? ደርሶባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ያሰባችሁት ስለሚበላሸው ወጥ ይሆናል። እኔ ግን ያ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር እጄን ሆዴ ላይ አደርጋለሁ። ምክንያቱን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ልጅ እያለሁ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ቢቸና ያለው ቤታችን ውስጥ አንድ የላምባ ፍሪጅ ነበር። አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ፍሪጁን ትቶለት የሄደው አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ነው። የላምባ ፍሪጅ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከሥሩ እንደ ፋኖስ በላምባ በራሰ ክር የሚነድ እሳት ይበራል፤ እሳቱ ከኋላው ባሉት ቱቦዎች ውስጥ ያለውን አሞኒያ ያሞቀዋል። አሞኒያው ተንኖ ሽቅብ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ በርዶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ወርዶ እንደገና ሲተን የፍሪጁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የሚገፋው ሞተር የለም፤ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። አባቴ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስረዳ ነበር። ለጎረቤታችን ለእትዬ ጥሩዬ ግን አልዋጥላቸው አለ። «እሳት አንድዶ በረዶ! መምህር፣ ለመሆኑ ይኼን ነገር ንስሐ አባትዎ ያውቁታል?» ይሉት ነበር።

በአንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያበደ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። ለዚህ የሚሰጠው መርፌ ያኔ በየቀኑ አንድ፣ ለዐሥራ አራት ቀን፣ ያውም ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ በስንት ልመና መጣ። ቅዝቃዜ ካላገኘ የሚበላሽ በመሆኑ ብልቃጦቹ እኛ ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጡ። ቁስል የሚያጥቡትና መርፌ የሚወጉት፣ ሕዝቡ ሁሉ «ዶክተር» የሚላቸው ድሬሰሩ ጋሽ ውብነህ በየማለዳው እየመጡ ይወጉኝ ጀመር። የስፒሪቱ ሽታ ከበሩ ሲገባ ከአልጋ ሥር እደበቃለሁ፤ እናቴ በእግሬ ጎትታ ታወጣኛለች።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ውብነህ ፍሪጁን ከፍተው እጃቸውን እንዳስገቡ ቀሩ።

«መምህር፣ ይኼ ነገር ሞቋል።»

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ፍሪጁ ከተበላሸ መርፌው ይቀርልኛል ብዬ ነው። ቀና ብዬ አባቴን ሳየው ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሌላ ብናስመጣስ?» አለ።

«በምን? ጳጉሜን ነው፤ ጭቃው መኪና አያሳልፍ። አውቶቡስ ካየን ስንት ቀናችን ነው?» ጋሽ ውብነህ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ ግን ሰማሁ። «መድኃኒቱን ሙቀት ከበላው፣ ብወጋትም ውሃ ነው የምወጋት። ይኼ በሽታ ደግሞ አንዴ ከጀመረ መመለሻ የለውም።»

የዕለቱን ወጉኝ። የቀሩትን አምስት ብልቃጦች ማሰሮ ውስጥ አስቀመጡና ማሰሮውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ነፋስ ከሚገባበት መስኮት ሥር አኖሩት። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ማሰሮው ይበርዳል፤ ግን እንደ ፍሪጅ አይሆንም። «ይኼ እስከ ማታ ቢያቆየን ነው። ከዚያ ወዲያ እኔ አላውቅም» ብለው ወደ ሌሎች በሽተኞቻቸው ሄዱ።

አባቴ እጄን ይዞ ወደ ስልክ ቤት ሮጠ። ከተነከስኩ ወዲህ ከዓይኑ አያርቀኝም ነበር። ሞጣ ከተማ የወፍጮ ሞተርና የላምባ ፍሪጅ የሚጠግኑ ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከቤታቸው ተጠርተው ወደ ሞጣ ስልክ ቤት እስኪመጡ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። መስመሩ ይንጫጫል፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ስለዚህ አንዱም ቃል አላመለጠኝም።

«እሳቱ ምን ይመስላል?»

«ቢጫ ነው! ይጨሳል!»

«ክሩን ከርክመው! ጭስ መውጫውን ጥረግ! ደግሞስ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው?»

«እንደ ዘብ ነው የቆመው!»

«ለክተኸዋል?»

«ኧረ ጋሼ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው ክሩ ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ቤት እንደደረስን አባቴ ኮቱን አውልቆ ሥራ ጀመረ። ክሩን በመቀስ አስተካክሎ ከረከመ። የዶሮ ላባ በረጅም እንጨት ጫፍ አስሮ ጭስ መውጫውን ጠረገ፤ ጥላሸቱ በፊቱና በነጭ ሸሚዙ ላይ ዘነበ። መልሶ ሲያበራው እሳቱ ጭሱን ትቶ ሰማያዊ ሆነ። ጠበቅን። እጁን አስገባ፤ ሙቅ ነው። ክሩን እንደገና ቆረጠ። አሁንም ጠበቅን፤ አሁንም ሙቅ ነው። እናቴ በየመሀሉ ጆንያውን ውሃ ታርከፈክፋለች። ሰምተው የመጡት እትዬ ጥሩዬ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ረጋ ይበሉ እንጂ» ቢሉትም አባቴ መቀሱን ከእጁ አላስቀመጠም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። እኔም ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት። መርፌው እንዲቀርልኝ የተመኘሁ ልጅ፣ ማሰሮውን ሄጄ በመዳፌ እየነካሁ መብረዱን አረጋግጥ ጀመር።

አባቴ ውስጡን ደግሞ ልየው ሲል እናቴ ዕቃውን እያወጣች ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ከመሀሉ አንዱ ቅቤ ያለበት ብርጭቆ ነበር። አስቀምጣው ልትመለስ ስትል ቆመች።

«እዩት እስቲ ይኼን። ከትናንት ወዲያ አንጥሬ፣ ፈሳሽ እንዳለ ነው ያስገባሁት። ምን አንጋደደው?»

ቅቤው በብርጭቆው አንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ብሎ ረግቷል። አባቴ ብርጭቆውን አየ፤ ጠረጴዛውን አየ፤ ፍሪጁን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ሳህን አምጪ፤ ውሃ ሙዪበት» አለኝ። ሳህኑን ፍሪጁ አናት ላይ ሲያስቀምጠው ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ሄደና በግድግዳው በኩል ፈሰሰ።

«ማን ነው ያንቀሳቀሰው?»

ለዘመን መለወጫ ቤቱ ሁሉ በእበት ተለቅልቆ ነበር፤ ሽታው ገና አልለቀቀም።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ስለቀልቅ ከሥሩ ያለውን ጉድጓድ በጭቃ ደለደልኩት። ቦታው ላይ መልሼዋለሁ። ጭቃው ገና እርጥብ ነበር፤ መስጠሙን መች አየሁ።» ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ልጄን በገዛ እጄ...»

«ሲነሳ እኔም በአንድ ወገን ይዣለሁ» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ከተቆጡ ሁለታችንንም ነው።»

አባቴ በክፍል ውስጥ የተሳሳተ ልጅ የማያሳልፍ ሰው ነበር። እጄን ጨብጬ ጠበቅሁት። ጥላሸት የነካውን ግንባሩን በክንዱ ጠረገና «ጋሽ ዘለቀ ለክተኸዋል ወይ ያሉት እኔን ነው» አለ። «ሳልለካ የመለስኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ተረባረቡ። አባቴና ሁለቱ ሴቶች ፍሪጁን ከፍ ሲያደርጉት እኔ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ አስገባለሁ። አናቱ ላይ ያለው ውሃ መሀል ላይ እስኪተኛ ድረስ አንዱን አውጥተን ሌላውን ከተትን። ያ ሁሉ ክር መከርከም ከንቱ የሆነበትን ምክንያት አሁን ሳስተምር በቀላሉ አስረዳለሁ፤ በራሱ ክብደት የሚወርድ ፈሳሽ መንገዱ ሲያጋድል ይቆማል። ያን ቀን ግን ማብራሪያ የፈለገ አልነበረም። አራታችን ከፍሪጁ ፊት እንደ ምጥ ጠባቂ ተደርድረን ተቀመጥን።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጋሽ ውብነህ መጡ። ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው በረዶ የሚሠራበትን ክፍል ነኩት። መልሰው ሊያነሱት ሲሉ ጣታቸው ለቀቅ አላለም። «ያዘኝ!» አሉ፤ «መምህር፣ ያዘኝ እኮ!» እናቴ እልል አላለችም። እዚያው በለቀለቀችው ወለል ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

አምስቱም ብልቃጦች ወደ ፍሪጁ ተመልሰው በየማለዳው አንድ አንድ ተወጉልኝ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት ምን ያህል ሰዓት ሞቀው እንደቆዩ፣ ሙቀቱ ጎድቷቸው ይሁን አይሁን፣ ጋሽ ውብነህም ቢሆኑ ማወቅ አይችሉም ነበር። የውሻ በሽታ የያዘው ሰው ውሃ ይፈራል። እናቴ ለወራት በየማለዳው አንድ ብርጭቆ ውሃ ትሰጠኝና ቆማ ጉሮሮዬን ታያለች። እኔ ከፍቅር መስሎኝ አንድም ጠብታ ሳላስቀር እጠጣላት ነበር። ለካ ከፍቅርም ነበር።

አሁን ሞጣ ላይ አስተምራለሁ። በተከራየሁት ቤት የመብራት ፍሪጅ አለ፤ ሲበላሽ ባለሙያ ይጠራል፤ ውስጡ የሚያድረውም ቢበዛ ወተትና ቲማቲም ነው። የዛሬው ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ቤት ሙሉ ሰው ስለ እኔ ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠበት ያ ከሰዓት በኋላ፣ ያ የእበትና የላምባ ሽታ፣ አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ቢቸና ሄጄ እናቴ ፊት ውሃ ስጠጣ፣ ዛሬም ወሬዋን ታቋርጣለች። ስውጥ ትቀጥላለች።

እባካችሁ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የመብራት ፍሪጅም ቢሆን ሲያጋድል በሩ በደንብ አይገጥምም። ፍሪጃችሁ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ሳህን ላይ ውሃ ሙሉና አናቱ ላይ አስቀምጡት። ጎንበስ ብላችሁ በደንብ እዩት። ባለሙያው «ቀጥ ብሎ ነው የቆመው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከዚያ በኋላ መልሱለት።