የአክስቴ ጥቁር ጠላ

ከወልዲያ ገበያ የገዛሁት የጠላ ዱቄት ላስቲኩ ላይ «ተቆልቶ የተዘጋጀ» ይላል። ቀድጄ ባሸተው ጥሬ ጥሬ ሸተተኝ። ያን ጊዜ መርሳ ከተማ ያሳደጉኝ አክስቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሰብል የጠፋበት ዓመት ነበር፤ በቤታችን የቀረው ገብስ ምጣዱ ላይ ያለው ብቻ ነው። ጭሱ ቤቱን ሲሞላው ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ከደጅ ጮኹ፦

«ኧረ በአላህ፣ አረረ እኮ!»

አክስቴ መቁያውን አልለቀቁም። «ገና ነው» አሉ፤ «ካልጠቆረ የኔ ጠላ አይባልም።»

ያ ጠላ እንዴት እንደወጣ አላስታውስም።

አሁን የምጠምቀው ለአክስቴ ሙት ዓመት ነው። ዱቄቱን ምጣድ ላይ ገልብጬ እንደገና መቁላት ጀመርኩ። ጭሱ ሳሎን ሲደርስ ባለቤቴ ተጣራ፦

«አረረ እኮ!»

«ገና ነው» አልኩት።